ከአስራ ሁለተኛው ገጽ በኋላ

ምን እንደምትሉ አውቃለሁ። "ቀደዳ ደግሞ ጀመረው።"

ቀደዳ ቅጽል ስሜ ነው። ሰፈሩም መሥሪያ ቤቱም በሱ ነው የሚጠራኝ። በሊፍት ስለወጣችው ፍየል የጻፍኩላችሁም ውሸት ነበር፤ ይቅርታ። ፍየሏ በደረጃ ነው የወጣችው።

ይቺኛዋ ግን ሆናለች። በእህቴ እምላለሁ እንዳልል... በማን እንደምምል ራሱ ጠፍቶኛል።

የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሩብ። መብራት አልጠፋም፣ ውሻ አላላዘነም። ሰው ሁሉ ምሳውን እየበላ ይስቅ ነበር።

እኔም እየሳቅኩ ነበር።

የምሠራው ሆስፒታል ውስጥ ነው። ሐኪም እንዳልመስላችሁ፤ ከትምህርት ጋር ስምንተኛ ክፍል ላይ ተሰነባብተናል። ካርድ ክፍል ነኝ። የበሽተኛን ፋይል ከመደርደሪያ አወርዳለሁ፣ መልሼ እሰቅላለሁ። በቃ።

አንድ ቀን "ከወረቀት ልንገላገል ነው" ተባለ። ስካነር መጣ። ሶፍትዌር ተጫነ። ሠላሳ ዓመት አቧራ ሲጠጣ የኖረ ወረቀት ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ ሊገባ ሆነ።

ሥራው ቀላል ነው። የስቴፕለሩን ሽቦ ትነቅላለህ። የታጠፈውን ትዘረጋለህ። ስካነሩ አፍ ላይ ትደረድራለህ። እሱ አንድ በአንድ እየላሰ ይውጣል።

መርሳት የሌለብህ አንድ ነገር ብቻ ነው። መለያ ወረቀት።

መለያ ወረቀት ወፋፍራም ጥቁር መስመር የታተመባት ወረቀት ናት። በአንዱ ሰው ፋይልና በሌላው ሰው ፋይል መሀል ትገባለች። ማሽኑ ፊት አያውቅም። ስም አያነብም። ያቺን ወረቀት ሲያይ ብቻ ነው "እዚህ ጋ አንዱ ሰው አለቀ፣ ሌላው ጀመረ" የሚለው።

ካላያት...

አላለቀም ማለት ነው።

አለቃችን አንድ ሕግ ነበራቸው። እትዬ ማህተም ነው የምንላቸው፤ ማህተማቸውን እንደ ልጅ ታቅፈው ነው የሚውሉት። "ስካን የሆነ ወረቀት እዚህ ቤት አያድርም!" ይላሉ። የቀኑ ወረቀት የቀኑን ቀን መፍጫ ማሽን ውስጥ ይገባል። ወረቀቱ ካለ ሰው ወደ ወረቀቱ ይመለሳል ባይ ናቸው።

የዚያን ቀን ከትሪዬ ላይ ሁለት ፋይል ቀርቶኛል። አንድ መለያ ወረቀትም ቀርታኛለች።

እትዬ ማህተም ወደ ምሳ ሊወጡ ሲሉ፣ "ትሪህ ሳያልቅ ንቅንቅ እንዳትል" ብለውኝ ዞሩ።

ጀርባቸው ሰፊ ነው። ፕላስተር ደግሞ እጄ ላይ ነበር። ምን ላድርግ?

መለያ ወረቀቷን ጀርባቸው ላይ ለጥፌ ላክኋቸው።

ከምሳ ክፍሉ ሳቁ ሲፈነዳ ኬብል እየሮጠ መጣ። ኬብል ሶፍትዌሩን የገጠመልን ባለሙያ ነው፤ ከቅጥነቱ የተነሳ ነው ኬብል ያልነው።

"አንተ ቀደዳ፣ ሴትዮዋን ምን አርገሃቸው ነው?"

"ለየኋቸው።"

"ከምን?"

"ከሰው።"

ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። እሱ ወጣ። እኔ እንባዬን እየጠረግኩ ወደ ትሪዬ ዞርኩ።

የፊተኛው ፋይል የእህቴ ነበር።

እህቴን እታለም ነው የምላት። እናታችን ስትሞት እኔ ሰባት ዓመቴ ነው። እሷ ናት ያሳደገችኝ። ትምህርቷን ለኔ ብላ ተወች። እኔ ደግሞ ለማንም ሳልል ተውኩት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ከሆስፒታሉ አጥር ጀርባ ሁለት ክፍል ቤት አለን። እሷ፣ እኔና የስፌት መኪናዋ። ሌላ ዘመድ የለኝም።

ፋይሏ ቀጭን ነው። አስራ ሁለት ገጽ።

ከሱ ሥር ያለው ወፍራም ነው። ሃያ ዘጠኝ ገጽ። ከሁለት ዓመት በፊት የሞተ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። የካርድ ቁጥራቸው ስለሚከታተል ነው ጎን ለጎን የተቀመጡት።

መለያ ወረቀት ፈለግኩ። የለም። እትዬ ማህተም ጀርባ ላይ ሆና ምሳ እየበላች ነው።

ርቦኛል። ሌላ ለማተም አታሚው እስኪሞቅ ማን ይጠብቃል? "ከምሳ በኋላ እለያቸዋለሁ" አልኩና ሁለቱንም አንድ ላይ አጎረስኩት።

ማሽኑ ላሰ... ላሰ... ዋጠ።

ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ መጣ። "አንድ ሰው። አርባ አንድ ገጽ። ተመዝግቧል።"

ሰዓቱን አየሁ። ሰባት ከሩብ።

ከምሳ በኋላ እትዬ ማህተም ወረቀቷን በእጃቸው ይዘው መጡ። ስድቡን አልጽፈውም፤ ልጆችም ታነባላችሁ። ቅጣቴ የዕለቱን ወረቀት በሙሉ ብቻዬን መፍጨት ሆነ።

ፈጨሁት። በገዛ እጄ። መለየቱን ስድቡ አስረስቶኝ፣ የእታለምንም የሾፌሩንም አንድ ላይ።

በማግስቱ ለምሳ ቤት ሄድኩ። እታለም በር ልትከፍት ስትመጣ ግራ እግሯን ትጎትታለች።

"እግርሽን ምን ሆንሽ?"

"ኧረ ብረቱ ነው። አንዳንዴ ይይዘኛል።"

"የምን ብረት?"

ትኩር ብላ አየችኝ።

"የምን ብረት ትለኛለህ? ማን ስለ ብረት አወራ?"

በሁለተኛው ቀን ሳል ጀመራት። ከታች፣ ከጉድጓድ የሚወጣ የሚመስል ሳል። ስታስል ደግሞ እጇ ደረቷን ይዳብሳል። ኪስ ነው የምትፈልገው። ቀሚሷ ግን የደረት ኪስ የለውም... ኖሮትም አያውቅም።

በሦስተኛው ቀን ሜትሯን ክንዷን ዘርግታ፣ አርቃ ያዘችው። "ዓይኔ ደከመ" አለች። ከሁለት ቀን በፊት መርፌ ውስጥ ክር በአንድ ሙከራ ነበር የምታስገባው።

በአራተኛው ቀን ሁለት ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ኮርኒሱ ስትተነፍስ አገኘኋት። ጣቶቿ መሀል ምንም የለም።

በአምስተኛው ቀን የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ጨርቅ አልያዘችም። እጆቿ አየር ላይ የሆነ ክብ ነገር ጨብጠዋል። ግራ እግሯ ፔዳሉን ይረግጣል... ይለቃል። ይረግጣል... ይለቃል።

ልብስ ሰፊ እንዲያ አይረግጥም። ሾፌር ነው ፍሪሲዮን እንዲያ የሚረግጠው።

ክው አልኩ። ያኔ ነው ያልለየሁት ፋይል ትዝ ያለኝ።

እየሮጥኩ ተመልሼ ፋይሉን ከፈትኩ።

አስራ ሦስተኛ ገጽ፦ ግራ እግር፣ ስብራት፣ ብረት ገብቷል። አስራ አራት፦ የቆየ ሳል። አስራ አምስት፦ የዓይን ምርመራ። አስራ ስድስት፦ ሲጋራ እንዲያቆም ተመክሯል። አስራ ሰባት፦ "በሽተኛው ሥራዬ ካልተመለስኩ እያለ አስቸግሯል።"

በቀን አንድ ገጽ።

ወደ መጨረሻው ሄድኩ። አርባ አንደኛው ገጽ የሞት ወረቀት ነው። የሞተበት ሰዓት፣ ከቀኑ ሰባት ከሩብ።

ቆጠርኩ። ሃያ አራት ቀን ይቀራታል።

ኬብልን እጁን ይዤ ጎተትኩት።

"ኬብልዬ፣ በናትህ፣ ከአስራ ሁለተኛው ገጽ በኋላ ቁረጥልኝ። ሁለት ሰው ናቸው።"

"ወረቀቱን አምጣ። ዋናውን ሳላይ መቁረጥ አልችልም፤ ሲስተሙ ራሱ አይፈቅድልኝም።"

"ተፈጭቷል።"

"በምን ልለየው ታዲያ?"

"ስሙ አለ እኮ! የሾፌሩ ስም ከአስራ ሦስት ጀምሮ በእጅ ተጽፏል!"

ስክሪኑን ወደኔ አዞረው።

በአርባ አንዱም ገጽ ላይ ያለው የእታለም ስም ነው። በዚያው አሮጌ ቀለም። በዚያው የሐኪም ጭረት።

"ቀደዳ... አንድ ሰው ነው እኮ።"

"ቅድም እንዲህ አልነበረም!"

"ሂድ ወደዚያ። ዛሬ ለሳቅ ጊዜ የለኝም።"

አያችሁ? ዕድሜ ልኬን ስቀድ ኖሬ፣ እውነት የተናገርኩ ቀን የሚሰማኝ ጠፋ።

የተፈጨው ወረቀት ከጓሮው መጋዘን በጆንያ ይቀመጣል። አራት ጆንያ ተሸክሜ ቤት ወሰድኩ። ወለሉ ላይ ዘረገፍኩት። እንደ ክር የቀጠነ ወረቀት... ተራራ። በየምሳ ሰዓቱ ተንበርክኬ ክሩን ከክር እያጣበቅኩ ዋልኩ።

በአስራ አንድ ቀን መዳፍ የምታህል ወረቀት ሠራሁ። ሳነባት የሰባት ሰው ወረቀት ነበረች።

እታለም ከበላዬ ቆማ ታየኛለች።

"ምን እየሠራህ ነው?"

"እየተጫወትኩ።"

"አንተ ቀጣፊ" አለችና ፈገግ አለች። በራሷ ድምፅ። በራሷ ፈገግታ።

ከዚያ አጎንብሳ ጆሮዬ ላይ ተጠጋች።

"አንተ... ሰው አለ።" በሹክሹክታ ነው።

"የት?"

ደረቷን ነካች። "እዚህ። ጠበበኝ ይላል። ዞር በዪልኝ ይላል።"

"እምቢ በዪው! እታለም ሙች፣ እምቢ በዪው!"

"ብዬዋለሁ..." ዓይኗ እንባ ሞላ። "ግን ትልቅ ሰው ነው። እየገፋኝ ነው። ወዴት ነው የምሄደው?"

እንደተንበረከክኩ እግሯን አቅፌ ያዝኩት።

በራሷ ድምፅ ያናገረችኝ ያን ቀን ለመጨረሻ ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን አላረዝምባችሁም። ሠላሳኛው ገጽ ላይ ሚስቱን እየጠራ አስቸገረ ይላል። በዚያ ቀን እታለም የማላውቃትን ሴት ስም እየጠራች ዋለች። ሠላሳ ሦስት ላይ መብላት አቆመ ይላል። ምሳዋን እንዳቀረብኩላት መልሼ አነሳሁት።

አርባኛው ገጽ ላይ ስንደርስ፣ መጥፎ ሐሳብ መጣልኝ። ያኔ ግን ጥሩ ነበር የሚመስለው።

ገጽ መቁረጥ አይቻልም። መጨመርስ?

የሐኪም ጽሑፍ ማስመሰል ቀላል ነው፤ ማንም አያነበው። አንድ የመውጫ ወረቀት አነሳሁና ሞላሁት። "ሙሉ ጤና ተገኝቷል። ከሆስፒታል ይውጡ። ቤተሰብ መጥቶ ይረከብ።" እትዬ ማህተም ሽንት ቤት እስኪገቡ ጠብቄ ማህተማቸውን አሳረፍኩበት። ስካነሩ ላሰው።

አርባ ሁለተኛ ገጽ።

ከሞት ወረቀት በኋላ የዳነ ሰው ወረቀት። ሞትን ሸወድኩት ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ። ቤተሰቧ እኔ ነኝ፤ እኔው እረከባታለሁ።

በማግስቱ ሰባት ከሩብ ላይ እታለም እጄ ላይ ትንፋሿ ቆመ።

አልጮህኩም። ጎረቤት አልጠራሁም። በሩን ቆልፌ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ቀዘቀዘች። እጇን በእጄ አሻሸሁት። "ነገ አለ" አልኳት። "አርባ ሁለተኛ ገጽ አለ።"

ነገ ደረሰ። ስድስት ሰዓት... ሰባት... ሰባት ከአስር...

ሰባት ከሩብ።

ዓይኗን ከፈተች።

"እታለም!"

ቀስ ብላ ተነስታ ተቀመጠች። አገጯን በመዳፏ አሻሸች፤ ጢሙ ማደጉን እንደሚያይ ሰው።

በሩ ተንኳኳ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? ከፈትኩት። ጥቁር የለበሰች ሴት ቆማለች። አንድ ልጅ በግራ፣ አንድ ልጅ በቀኝ ይዛለች። ስልኳን ዘረጋችልኝ።

"ወንድሜ፣ ይቺ መልእክት ከሆስፒታል መጣችልኝ። ይቺው ቤት ናት አድራሻው።"

አነበብኩት። "ቤተሰብዎ ሙሉ ጤና አግኝተዋል። መጥተው ይረከቡ።"

ፋይሉ ላይ የተመዘገበ ተጠሪ አንድ ብቻ ነበር። የእታለም ፋይል ላይ ተጠሪ የሚለው ቦታ ባዶ ነው፤ ትንሽ ልጅ ነበርኩ፣ ማን ይጽፈኛል? ሲስተሙ ያገኘው የሾፌሩን ሚስት ነው። የላከውም ለሷ ነው።

"ቀልድ መስሎኝ ነበር" አለች፣ ድምፅዋ እየተቆረጠ። "ከዚያ ደግሞ... በዚህ ማን ይቀልዳል? አልኩ።"

ከኋላዬ ወፍራም ድምፅ መጣ።

"ለምን ቆየሽ?"

ትንሿ ልጅ እጇን አስለቅቃ በሥሬ ሾልካ ገባች።

"አባዬ!"

እታለም አነሳቻት። አንገቷ ሥር አስገብታ አሸተተቻት።

ሴትየዋ አፏን በእጇ ያዘች። እህቴን ከላይ እስከ ታች አየቻት። ቀሚሷን፣ ፀጉሯን፣ ቀጫጭን ጣቶቿን። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅኩ።

አልጮኸችም።

"መልኩ..." አለች በሹክሹክታ። ከዚያ እንባዋን ዋጥ አደረገች። "ግድ የለም። መልክ ምን ያደርጋል።"

በሩ ላይ ተገተርኩ።

"እህቴ ናት" አልኳት።

"አውቃለሁ።"

"ሌላ ሰው የለኝም።"

"እኔም አልነበረኝም። ሁለት ዓመት ነው የለመንኩት።" ክንዴን ያዘችኝ። "አታስቀርብኝ ወንድሜ... በልጆቼ።"

እታለም እያነከሰች መጣች። ፊቴ ቆመች። እጇን ዘረጋችልኝ፤ ጨበጥኳት። ከባድ እጅ ነው።

"ካርድ ክፍል ነህ አይደል?" አለችኝ። "ስላገዝከን እናመሰግናለን።"

ሄዱ። አራቱም። ትንሿ ልጅ የእታለም ትከሻ ላይ ሆና እጇን እያውለበለበችልኝ።

ለእትዬ ማህተም ሁሉንም ተናዘዝኩ። ስለ ማህተሙም ጭምር። "እህትህ ባል አግብታ ሄደች፣ አንተ ደግሞ ሾፌር ሆነች ትላለህ? እስቲ አንዳንዴ እንኳ እፈር!" አሉኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

ኬብል ብቻ አልሳቀም። ጠጋ አለኝ።

"ቀደዳ... ያ ፋይል ላይ ገጽ እየጨመርክ ነው እንዴ?"

"አይደለሁም።"

"አርባ ሦስት ሆኗል። በሰባት ከሩብ። ስካነሩ ጠፍቶ ነበር።"

ከፈትነው። ጥቁር ገጽ ነው። ኬብል ብርሃኑን ጨመረ... ጨመረ...

ፊት ነው። ልጅ መስታወት ላይ አፍንጫውን እንደሚለጥፈው፣ ከውስጥ በኩል የተለጠፈ ፊት። ሁለት መዳፍ ግራና ቀኝ።

እታለም።

ኬብል ወንበሩን ገፍቶ ወጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራ አልገባም።

አርባ አራተኛው ገጽ ላይ አንድ ክንድ ያህል ከመስታወቱ ርቃለች። አርባ አምስት ላይ ሁለት። አፏ ክፍት ነው፣ የሆነ ነገር እያለች ነው፤ ግን ወረቀት ድምፅ የለውም። አርባ ስምንት ላይ ፊቷን አዞረች። አርባ ዘጠኝ ላይ ጀርባዋ ብቻ ነው።

በየቀኑ ሰባት ከሩብ ላይ ስክሪኑ ፊት እቀመጣለሁ። ስሟን እጠራለሁ። ስካነሩን ከፍቼ መስታወቱን በጡጫ አንኳኳለሁ። ሰው አብዷል ይለኛል፤ ይበል።

ይህን የምጽፍላችሁ እዚያው ሆኜ ነው። አምሳኛው ገጽ አሁን ገባ።

ሙሉው ጥቁር ነው። ከታች፣ ጥጉ ላይ ብቻ አንድ ባዶ እግር አለ። ተረከዙ ከመሬት ተነስቷል... ሊራመድ።

ሲስተሙ ጠየቀኝ።

"ይህ ገጽ ባዶ ነው። ይወገድ?"

አይ።

"ይህ ገጽ ባዶ ነው። ይወገድ?"

አይ አልኩ እኮ።

ቀና ብዬ አየሁት። ተረከዙ ከገጹ ወጥቷል።

ጣቶቿ ብቻ ቀርተዋል።